አባቴ የሠራው ጠባብ መኪና

በላፍቶ አስፋልት ዳር ባሉት ብረታ ብረት ቤቶች በኩል ሳልፍ፣ በግራይንደር የሚቆረጥ ብረት ሽታ አፍንጫዬን ከመታው፣ ትልቅ ሴት መሆኔን ረስቼ እንደ ልጅ አኮርፋለሁ። ሌላውን ሰው ጉሮሮውን ይከረክረው ይሆናል፤ እኔ ግን ቅናትን ያወቅኩት በዚያ ሽታ ነው።

አባቴ በር፣ መስኮትና አጥር የሚበይድ ብረት ሠራተኛ ነበር። እናቴን የማውቃት በፎቶግራፍ ብቻ ስለሆነ፣ ሀና ማርያም ያለው ቤታችን የእኔና የእሱ ብቻ ነበር። ለቡ ከሚሠሩት አዳዲስ ቤቶች የተራረፈውን ቱቦላሬ ብረት በትከሻው ተሸክሞ ያመጣና፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቱታውን ለብሶ፣ በፀጉር አስተካካዩ ቤት ግድግዳ ላይ በሥዕል ያየውን ባለሁለት ሰው የስፖርት መኪና ለራሱ ይሠራ ነበር። ሞተሩ ከአሮጌ ላዳ ታክሲ የወጣ ነው፤ ሻንሲው፣ ማለትም የብረት አጽሙ፣ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የአባቴ የእጅ ሥራ ነበር።

ትንሽ ልጅ ሳለሁ፣ በአንድ በጋ፣ መቀመጫውን ለመለካት የግቢያችን ሲሚንቶ ላይ ሁለት የቢራ ሳጥን ደፍቶ፣ እሱ በአንዱ፣ እኔ በሌላው ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን፣ ግራና ቀኛችንን በጠመኔ አሰመረ። «ከእኔና ካንቺ ሌላ ዝንብ አይገባበትም» አለኝ። ያንን ቃል እንደ መሐላ ይዤ፣ የሰፈሩ ልጆች «እኛንስ አባትሽ ይወስደናል?» ሲሉኝ፣ «ሞልቷል!» እያልኩ እኮራባቸው ነበር።

በበልግ አባቴ እትዬ ጽጌን አገባ። ሜትር አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ የምትውል፣ ለሰፈሩ ተማሪ ሁሉ ዩኒፎርም የምትሰፋ፣ ዳሌዋ የበሩን መቃን የሚሞላ ሴት ነበረች። አባቴ ከእኔ ጋር ብቻ ይስቀው የነበረውን ሳቅ ከእሷም ጋር መሳቅ ጀመረ። አንድ መጽናኛ ብቻ ነበረኝ፤ ዳሌዋን አይና፣ ሻንሲውን አይና፣ በጭራሽ አትገባም እል ነበር። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ፣ «እትዬ ጽጌ፣ መኪናው ላንቺ ይጠብሻል» አልኳት።

«ታዲያ እኔ በታክሲ እከተላችኋለኋ!» ብላ ሳቀች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ክረምቱን ሻንሲው ሸራ ለብሶ ከረመ። ነሐሴ ላይ እትዬ ጽጌ ዩኒፎርሜን ልትሰፋልኝ ለካችኝና፣ ሜትሩን እንደያዘች ወጥታ፣ ሸራውን ገለጥ አድርጋ መቀመጫውንም ለካች። ከዚያ በረንዳው ላይ ከአባቴ ጋር ሲንሾካሾኩ አየኋቸው። ዝናቡ ሲያባራ አባቴ ግራይንደሩን ሰክቶ ሻንሲውን መሐል ለመሐል ቆረጠው፤ ግራና ቀኙን ጎትቶ አራርቆ፣ በክፍተቱ አዲስ ቱቦላሬ እየጨመረ መበየድ ጀመረ። እኔም እያለቀስኩ መሐሉ ገብቼ ቆምኩ።

«ምሕረት፣ ብልጭታው ዓይንሽን ያጠፋዋል፣ ዞር በይ!» ብሎ ጮኸብኝ። ከዚያ በፊት ጮሆብኝ አያውቅም። ጎረቤታችን እማማ ዘነቡ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣ «አይ ዘመን! ለሙሽራ ዳሌ ብረት ይቆረጥ ጀመር!» ብለው ሲስቁ፣ የጠረጠርኩት ሁሉ እውነት ሆነ። ምሳም እራትም አልበላሁም። ዓይኗ ላፈር እያልኩ ብርድ ልብሴ ውስጥ ተሸፋፍኜ ስረግማት ዋልኩ።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ መኪናው ቀይ ቀለም ተቀብቶ በራችን ላይ ቆመ። አዲሱን ዩኒፎርሜን ለብሼ፣ አኩርፌ ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ መሪውን ይዞ ይጠብቃል። እትዬ ጽጌ ገብታ ጎኑ ስትቀመጥ ላለማየት ፊቴን አዞርኩ፤ እሷ ግን ብርድ ልብስ አጣጥፋ አምጥታ፣ መቀመጫው ጎን የተረፈውን ክፍተት ወተፈችና «ነይ ግቢ፣ እንዳትንሸራተቺ ነው» አለችኝ።

«ላንቺ አይደል እንዴ የሰፋው?»

ጎንበስ ብላ የቀሚሴን ጫፍ ገልብጣ፣ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ጨርቅ አሳየችኝ። «የልጅ ልብስ ትርፍ ሳይተውለት አይቆረጥም፤ ስታድጊ ይኼ ይለቀቃል። አባትሽ ግን የለካሽ ልክ እንደዛሬሽ ነው። ትንሽ ብትቆዪ አትገቢበትም ነበር።»

አባቴ ማጅራቱን አከከ። «እኔ እኮ እንዲሁ ሆነሽ የምትቀሪ መስሎኝ ነው» አለ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። እስከ ላፍቶ ደርሰን እስክንመለስ ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያየን፣ ልጆቹ እያፏጩ ሲሮጡልን፣ እኔ የማስበው ማደጌን ከአባቴ ቀድማ እሷ ማየቷን ብቻ ነበር።

አሁን በሰፈራችን የነበረው ባዶ ሜዳ ሁሉ ፎቅ ሆኗል፤ የመኪናው ሞተር ደክሞ ግቢያችን ውስጥ ከቆመ ቆይቷል። ባለፈው እሁድ ልጠይቃቸው ስሄድ፣ አባቴ እያነከሰ ሄዶ መሪው ጋ ተቀመጠና በእጁ ጠራኝ። ልጆች ወልጄ ዳሌዬ ሰፍቷል፤ ጎኑ ስቀመጥ ብርድ ልብስም አላስፈለገኝ፣ ልክክ አልኩ። እትዬ ጽጌ በረንዳው ላይ ሆና መነጽሯን አስተካክላ አየችን።

«ልክ ሆነሽ?» አለችኝ።

«ልክ ነው» አልኳት። አባቴ በጠመኔ ያሰመረላት ልጅ የለችም፤ እትዬ ጽጌ በሜትር የለካቻት ሴት ግን ይኸው ተቀምጣለች። ምነው ማደጌን ቀድሞ ያሰበው አባቴ በሆነ ብዬ፣ እዚያው ተቀምጬ እንደገና ቀናሁ።