የማይከፈተው በር ላይ የታዩ እጆች

የኢንፌክሽን መከላከልና መቆጣጠር ሥልጠና ስሰጥ የምወደው ሰዓት መጋረጃ የሚዘጋበት ነው። ከምሳ በኋላ ሠልጣኙ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው ክፍሉን አጨልምና ሐምራዊ ብርሃን የምትሰጥ ትንሽ ባትሪ ከቦርሳዬ አወጣለሁ። ጠዋት ማንም ሳይመጣ የሥልጠና ክፍሉ በር እጀታ ላይ የምቀባው ቅባት አለ። በቀን ብርሃን አይታይም፤ ባትሪዋ ሲበራበት ግን ሰማያዊ ሆኖ ይፈካል። እጀታውን የነካ ሰው ከዚያ በኋላ የት የት እንደነካ ሁሉ ይታያል። ብዙ ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ፣ ስለ ጀርም ብዙ ለፍልፌያለሁ፤ እንደዚያች ባትሪ ግን ሰው ያሳመነልኝ ነገር የለም።

ኮልፌ ውስጥ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ የሄድኩት ክረምት ላይ ነበር። ሠልጣኞቹ ነርሶች፣ አዋላጆች፣ የላቦራቶሪና የጽዳት ሠራተኞች ነበሩ። ከኮሮና ወዲህ ስለ እጅ መታጠብ ሲነሳ ብዙ ሰው ይሰለቻል፤ እነሱ ግን ከልባቸው ነበር የሚሰሙት። በተለይ አንዲት ጡረታ የተቃረቡ አዋላጅ ከፊት ወንበር ሆነው ዓይናቸውን ከእጄ ላይ አልነቀሉም። ጓንት እንዴት እንደሚወልቅ ሳሳይ እሳቸውም ባዶ እጃቸውን አብረውኝ ያንቀሳቅሱ ነበር።

ከምሳ በኋላ መጋረጃውን ዘግቼ ባትሪዋን አበራሁ። እንደ ሁልጊዜው ሳቅ ሆነ። የአንዱ አፍንጫ ላይ፣ የሌላዋ ሻሽ ጫፍ ላይ፣ ስልኩም ላይ፣ የውሃ ጠርሙሱም ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ነበር። ቅባቱ ከክፍሉ ወጥቶ የት እንደደረሰ እንይ ብዬ ወደ ኮሪደሩ መራኋቸው። አምፖሉ ስለተቃጠለና ሰማዩም ስለጠቆረ ኮሪደሩ ራሱ ጨለማ ነበር። የቧንቧው እጀታ ላይ አገኘነው፤ የላቦራቶሪው መስኮት ጠርዝ ላይም አገኘነው። እየተሳሳቁ ይከተሉኝ ነበር። ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ ስንቃረብ ግን ወደ ኋላ ቀረት ቀረት አሉ።

እዚያ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የእንጨት በር አለ። ተቆልፏል፣ መቆለፊያውም ዝጓል። እጀታው ላይ አንዳች ምልክት አልነበረም። ከእጀታው ከፍ ብሎ፣ በትከሻ ልክ፣ በሩ በእጅ አሻራ ተሞልቶ ነበር። መዳፍ በመዳፍ ላይ፣ ጣት በጣት ላይ፤ በጨለማው ውስጥ አንድ ላይ ያበራሉ። ብዙ ሰው ከውጭ ቆሞ በሩን ደግፎ የያዘ ይመስል ነበር።

ይህ ክፍል ይሠራል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አንዱ ኮሮና ካለቀ ጀምሮ እንደማይከፈት ነገረኝ። ታዲያ ማን ነው የሚነካው አልኩ። ሠልጣኞቹ አንዱ የሌላውን እጅ ነበር የሚያዩት።

በመጨረሻ አዋላጇ ተናገሩ። በዚያ በክፉው ጊዜ ክፍሉ ለይቶ ማቆያ ነበር። አንዲት የሥራ ባልደረባቸው፣ ሳቋ እስከ ካርድ ክፍል የሚሰማ ነርስ፣ እዚያ ተኛች። ሙሉ ልብስ የለበሰ አንድ ሰው ብቻ እየገባ ያክማታል፣ ያበላታል፤ ሌሎቹ ከበሩ ውጭ ይቆማሉ። ማውራት ሲያቅታት በማንኳኳት ይግባቡ ጀመር። አልጋዋ ከበሩ አጠገብ ስለነበረ እነሱ ሲያንኳኩ እሷም በጣቷ ከውስጥ ትመልሳለች።

«አንድ ቀን ጠዋት አንኳኳን፣ አልመለሰችም» አሉኝ። «እኔ አሁንም ሳልፍ እጄን አሳርፍበታለሁ፣ ልጄ። እኔ ብቻ የማደርገው ይመስለኝ ነበር» አሉ።

ከዚያ አንድ በአንድ አመኑ። አንዷ ነርስ ለሟቿ ነፍስ ዱዓ እያደረገች እንደምትነካው፣ ሌላዋ አማትባ እንደምታልፍ ተናገሩ። የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን ስትወለውል በሩ ጋ ስትደርስ ጆሮዋን እንደምታስጠጋ ተናግራ አንገቷን ደፋች። በአንድ ኮሪደር ሲመላለሱ ኖረው አንዱ የሌላውን አያውቅም ነበር።

አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ ብቻ ከዳር ቆሞ ቀረ። መዳፉ ግን እንደሌሎቹ ያበራል። እሱ እዚያ የተቀጠረው ነርሷ ከሞተች ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

«እኔ አላውቃትም» አለ። «ታሪኩንም ዛሬ ነው የሰማሁት። ሳልፍ ግን እጄ ይሄዳል።»

አስተማሪ ነኝና አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ፤ ብዙ ሰው የሚነካው ቦታ ብዙ ጊዜ መጽዳት እንዳለበት ልናገር ባትሪዋን ወደ በሩ አስጠጋሁ። ያኔ ነው ከሁሉም ወደ ጎን ያለችውን አሻራ ያየኋት። አራቱ ጣቶች ሙሉ ናቸው፤ የቀለበት ጣቱ ግን እስከ መሃሉ ብቻ ነው።

ልጅ ሆኜ የታክሲ በር የቀኝ እጄን የቀለበት ጣት ከመሃሉ ቆርጦታል። ቅባቱን ስቀባ ጓንት አድርጌ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን እጀታውን እንደማንኛውም ሰው ስነካ ውያለሁ። ሽንት ቤቱ በዚያው ኮሪደር ስለሆነ ከምሳ በፊት በበሩ በኩል አልፌያለሁ። ማለፌ ትዝ ይለኛል። መቆሜም ሆነ እጄን ማንሳቴ ግን እስከ ዛሬ ትዝ አይለኝም። እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅሁ። አዋላጇ አይተውኝ ኖሮ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

ቁልፉ ጠፍቶ ስለነበር ጥበቃው በመዶሻ መቆለፊያውን ሰበረው። ውስጡ ፍራሽ የሌለው የብረት አልጋ፣ የደረቀ ባልዲና የታፈነ አየር ነበር፤ ሌላ ምንም የለም። አዋላጇ ቀድመው ገብተው ከአልጋው ራስጌ በኩል በሩን ከውስጥ በቀስታ አንኳኩ። ውጭ የቆምነው ሁላችን ሰማን። አንዷ ነርስ ማልቀስ ጀመረች፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ግን በጣቷ ከውጭ መለሰችላቸው።

የቀረውን የሥልጠና ሰዓት ያንን ክፍል በማጽዳት አሳለፍነው። በረኪናውን በልኩ በጠበጥን፣ ከንጹሑ ወደ ቆሻሻው፣ ከላይ ወደ ታች ወለወልን። በሩን ያጸዱት አዋላጇ ናቸው፤ ጨርቁን ለማንም አልሰጡም። በሩን ከፍተው እንዲተውት ተስማማን።

ለክትትል ስመለስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ክፍሉ የሕጻናት ክትባት መስጫ ሆኗል፤ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ደጁ ላይ ተሰልፈዋል። አዋላጇ ጡረታ ወጥተው ዘነበወርቅ ሰፈር ልጃቸው ጋ እንደገቡ ሠራተኞቹ ነገሩኝ። እጅ አስተጣጠባቸውን አየሁ፣ ጥሩ ነበር። የላቦራቶሪ ባለሙያውን በሩን አሁንም ይነካው እንደሆነ ጠየቅሁት። በሩ ከተከፈተ ወዲህ እንዳልነካው ነገረኝ። ቀጥሎ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ማታ ከፍተው የሚተዉትን በር ጠዋት ጠዋት እናቶቹ ከመምጣታቸው በፊት ተዘግቶ እንደሚያገኙት፣ ማን እንደሚዘጋው ግን እንደማያውቁ ነገረኝ።