በጫካው በር የታሰረው ቅጠል

ዋሙኬ እንደ ሰው ሁሉ ይበላል፣ ይጫወታል። የእህቱ ባል ታሩዋ የዛፍ መለኪያ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ሲያልፍ ግን የጎረሰው ስኳር ድንች አልወርድ ይለዋል። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

መንደሩ ያለበት የፓፑዋ ተራራ ጫካ የዋሙኬ ጎሳ ንብረት ነው። ጫካው ከመቆረጥ እንዲጠበቅ፣ ዛፎቹ ምን ያህል ካርቦን እንደያዙ የመንደሩ ሰው ራሱ እየለካ ይከታተል ሲባል፣ ሜትሩ ለእሱ እንደሚሰጥ ቅንጣት አልተጠራጠረም። መንደሩ ግን ታሩዋን መረጠ፤ በትዳር ከባሕር ጠረፍ የመጣውን፣ ግንዱን በደረቱ ከፍታ ላይ ሲለካ የሚያንጎራጉረውን ሰው።

እህቱ ሲፖኔ ደግሞ በነገር ትወጋዋለች።

«ወንድሜ፣ ባሌ ሲለካ አላየኸውም? ዛፎቹ ቀጥ ብለው ይቆሙለታል እኮ!»

«ድሮስ ተጋድመው ያውቃሉ?»

አንድ ጠዋት ብሶበት ወጣና በጫካው መግቢያ ላይ የዱር ዝንጅብል ቅጠል አሰረ። በአገሩ ወግ፣ የተበደለ ሰው ያን ቅጠል ካሰረ ማንም አያልፍም። የሚፈታውም ያሰረው ሰው ብቻ ነው፤ ያውም የደረሰበትን በደል በሰው ፊት ተናግሮ። ዋሙኬ በንዴቱ ይህችን የመጨረሻዋን ረሳት።

ታሩዋ ቅጠሉን አየና ሳያንገራግር ተመለሰ። ቀኑ እየገፋ ሄደ። ልኬቱ በጊዜው ካልደረሰ የመንደሩ ጫካ ከክትትሉ ይወጣል፤ ጫካውን የሚመኙት ግንድ ቆራጮች ደግሞ የሚጠብቁት ይህንኑ ነው። ሽማግሌው ኡንጋ ሰዉን ሰበሰቡ።

«ልጄ ዋሙኬ፣ ማን በደለህ? ድንበርህ ተገፋ? አሳማህ ተሰረቀ?»

ዋሙኬ በደል ፈለገ፣ ፈለገ፤ ውሸት እንኳ አጣ።

«ማንም አልበደለኝም» አለ በመጨረሻ። «ቀንቼ ነው። ሜትሩን እኔ መያዝ ፈልጌ ነው።»

ሰዉ ሳቁን ለቀቀው። «ኧረ የኔ ጉድ! ለዚህ ነው እንዴ?» አለች ሲፖኔ። ያልሳቀው ታሩዋ ብቻ ነበር።

«አማቼ፣ እኔም እቀናብሃለሁ» አለ። «እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ። አንተ ስትናደድ ቅጠል የምታስርበት ጫካ አለህ። እኔ ብናደድ የት ላስር?»

ሳቁ ቆመ። ዋሙኬ ተነስቶ ወደ ጫካው በር ሄደ፤ ሰዉም ተከተለው። በንዴት ያጠበቀው ቋጠሮ አልፈታ አለው። ታሩዋ ሊያግዘው እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበ። ቅጠሉን መንካት ለእሱ አልተፈቀደም። ዋሙኬ ራሱ ቋጠሮውን በጥርሱ ፈታና መንገዱን ለቀቀለት።