ከእንግሊዝኛዬ የተሰረዘው ሰው

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ የሲቪክስ መምህራችን ርዕስ አከፋፈለንና በእንግሊዝኛ አዘጋጅተን ክፍል ፊት እንድናቀርብ አዘዘን። ለእኔ የደረሰኝ «የሲቪል መብቶች» የሚል ነበር። ከመጽሐፉ ገልብጬ ባነብ ማንም ምንም አይለኝም፤ አብዛኞቹ ጓደኞቼ ያደረጉትም ይህንኑ ነው። እኔ ግን በዚያ ሰሞን ሆዴ ቆስሎ ነበር።

ነገሩ የእናቴ መሬት ነው። አባቴ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። እናቴ መሬቷን በእኩል እያሳረሰች እኔን ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይታ ታስተምረኛለች፤ ሁለት ታናናሾቼን ደግሞ እዚያው አገር ቤት ታሳድጋለች። የመሬት ደብተር ሊሰጥ ነው ተብሎ ልኬታ ሲመጣ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ከወንዙ በኩል ያለውን አንድ ጥማድ ጥቁር አፈር በወንድሙ ልጅ ስም አስመዘገበው። እናቴ ሄዳ ብትጠይቀው፣ በሰው ፊት «ወንድ የሌለሽ ሴት ይህን ሁሉ መሬት ምን ታደርጊዋለሽ?» አላት። የሰማው ሁሉ መሬት መሬት አየ።

እኔም ስለ ንብረት መብትና በሕግ ፊት እኩል ስለመሆን መጽሐፉ የሚለውን ከጻፍኩ በኋላ አንድ አንቀጽ ጨመርኩ። ሊቀ መንበሩ የእናቴን መሬት ወሰደ፤ እናቴ ሦስት ጊዜ አመለከተች፤ የመለሰላት የለም። ይኸው ነው። ስሙን እዚያ አልጻፍኩም፤ እዚህም አልጽፈውም፤ የሚያሳዝኑኝ ልጆቹ ናቸው።

እንግሊዝኛዬ ግን አያስተማምንም። ስለዚህ ወደ እንግሊዝኛ መምህራችን ሄድኩ። ደግ ሰው ነበር። በፕላዝማው ቴሌቪዥን የምትታየው አስተማሪ ትምህርቱን እንደ ጎርፍ አውርዳው ስትጠፋ፣ ከኋላ ተነሥቶ ያመለጠንን ሁሉ በአማርኛ የሚያስረዳን እሱ ነው። ሐሙስ ከትምህርት በኋላ መምህራን ክፍል አጠገቡ አስቀመጠኝና በእርሳስ ያርም ጀመር።

«‹ቴክድ› የሚባል ነገር የለም» አለኝ እየሳቀ። «ወሰደ ለማለት ‹ቱክ› ነው። ጻፊው እስቲ።»

ጻፍኩት። አሥር ጊዜ አስጻፈኝ። ገጽ በገጽ፣ ሳይሰለች ሄደ፤ እኔም ከእሱ የተሻለ መምህር የለም እያልኩ በልቤ መረቅኩት። መጨረሻ ላይ ያቺ አንቀጽ ጋ ደረሰ። አንድ ጊዜ አነበባት፤ ደገማት። እርሳሱን አስቀመጠና ከኪሱ ቀይ እስክሪብቶ አወጣ። ከላይ እስከ ታች ሰረዛት፤ ከጎኗም «መሬት አንዳንድ ጊዜ አላግባብ ሊወሰድ ይችላል» የሚል አንድ መስመር በሚያምር እንግሊዝኛ ጻፈልኝ።

«ቲቸር፣ ሰዋስዉ ተሳስቷል?» አልኩት።

«አልተሳሳተም። አሁን ከታረመ እንከን አይወጣለትም።»

«ታዲያ ለምን ሰረዙት?»

ዞር ብሎ በሩን አየ። «ፕረዘንቴሽን ላይ እገሌ እንዲህ አደረገ አይባልም። ጥቅል አድርገሽ፣ በፓሲቭ፣ ‹ተወሰደ› ብለሽ ተናገሪ። ስለ አንቺ ብዬ ነው። ይህ ከተማ ትንሽ ነው፤ ወሬው ካንቺ ቀድሞ አገርሽ ይገባል።»

አመስግኜው ወጣሁ። ለማመስገን መጎንበሴ ራሱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የተከራየሁበት ቤት ባለቤት መሪጌታ ነበሩ፤ ደብሩ አጠገብ ቅኔ ያስተምራሉ። በማግስቱ ከሰዓት ግቢው ውስጥ ልብስ ሳሰጣ አዩኝና «ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ የጠቆረው?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«እንግሊዝኛውን አላውቀውም» አሉ። «የጻፈልሽን በአማርኛ በዪልኝ።»

«‹መሬት ተወሰደ› እንደማለት ነው፣ የኔታ።»

«ባለቤቱ የታለ?»

«እናቴ ናታ።»

«የመሬቱን አይደለም የምልሽ፣ የቃሉን ነው። ‹ወሰደ› ካልሽ የወሰደ ሰው አለ። ‹ተወሰደ› ብለሽ ዝም ካልሽ፣ መሬቱ በገዛ እግሩ ተነሥቶ ሄደ ማለት ነው።» ይህን ብለው መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ተማሪዎቻቸው ሄዱ። ተናገሪ አላሉኝም፤ ዝም በዪም አላሉኝም።

ሰኞ ተራዬ ደረሰ። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ መጽሐፉን ከነነጥቡ ገልብጦ እያዛጋን አነበበ፤ ተጨበጨበለት። እኔ ተነሣሁ። የእንግሊዝኛ መምህሬ ያረመልኝን ሁሉ እንዳረመው አነበብኩ። የተሰረዘችው ጋ ስደርስ በቀዩ ሥር ያለውን የራሴን ጽሑፍ አነበብኩ፤ «ቱክ» የምትለዋን ቃል አጥብቄ ተናገርኳት። ከሁላችን እንግሊዝኛ የማይገባት ጓደኛዬ እንኳ ቀና ብላ አየችኝ።

«ይበቃል» አለ የሲቪክስ መምህሩ። «ጊዜሽ አልቋል።»

«ሁለት መስመር ነው የቀረኝ፣ ቲቸር።»

«አልቋል ብዬሻለሁ!»

ወረቀቴ ሲመለስልኝ ግርጌው ላይ «ከርዕስ ውጪ» ተብሎ ተጽፎበታል። ከየትኛው ርዕስ? አንዲት ባል የሞተባት ሴት በሕግ ፊት እኩል ናት የሚለው ከርዕሱ ውስጥ፣ እኩል አይደለችም ተብላ መሬቷን መነጠቋ ከርዕሱ ውጪ? መብት ማለት ሸምድደን ለፈተና የምናወርደው እንጂ እናቶቻችንን የሚነካ ነገር አልነበረም ለካ! የእንግሊዝኛ መምህሬ ደግሞ ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ነሣኝ። በመጨረሻ በኮሪደሩ ሲያገኘኝ ያለኝ «ነግሬሽ ነበር» ብቻ ነው። ቃሉን አሥር ጊዜ ያስጻፈኝ እሱ ነው፤ የሚያስፈልገኝ ቦታ ላይ እንዳልጠቀምበት የከለከለኝም እሱ።

ለዕረፍት አገር ቤት ስገባ ለእናቴ ሁሉን ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። «በእንግሊዝኛ ነገርሻቸው? ሊቀ መንበሩ ይህን ቢሰማ ጉድ ነው!» ከዚያ ሳቁ ጠፋባትና ከሣጥኗ የማመልከቻዎቿን ቅጂ አውጥታ ሰጠችኝ። ገበያ ዳር ተቀምጦ ለገበሬው የሚጽፍ ሰው ነው የጻፈላት። እሷ ማንበብ አትችልም፤ ነግራው፣ አውራ ጣቷን አትማ ሄደች እንጂ ምን እንዳለ አንብቦላት የሚያውቅ ሰው የለም።

አነበብኩላት። «መሬቴ በስህተት በሌላ ሰው ስም ስለተመዘገበብኝ በትሕትና እለምናለሁ» ይላል።

«በምን?» አለች።

«በስህተት።»

«እኔ እንዲህ አላልኩም!» ብላ ከመደቡ ተነሣች። «እኔ ‹ነጠቀኝ› ነው ያልኩት! አጠገቡ ቆሜ ሁለት ጊዜ ነው የነገርኩት! በስህተት? መሬቴን በስህተት?» ሦስቱንም አስነበበችኝ። ሦስቱም አንድ ናቸው። እናቴ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ጎረቤት እስኪመጣ ጮኸች።

አራተኛውን እኔ ጻፍኩት። እሷ ተናገረች፣ እኔ እንዳለችው ጻፍኩ። የነጠቃትን ሰው ስም ከነአባቱ፣ የልኬታውን ቀን፣ «ወንድ የሌለሽ» ሲላት ቆመው የሰሙትን ሰዎች ሁሉ። አንብቢው አለችኝ፤ አነበብኩላት። ሁለተኛ አንብቢው አለች። ከዚያ አተመች።

ማመልከቻው ወረዳ ገብቶ ሁለት መኸር ካለፈ በኋላ ከዚያ ሰዎች መጡና ማሳውን ለኩት። ከቆሙት ምስክሮች ሁለቱ እውነቱን ተናገሩ፤ ሌሎቹ አላስታውስም አሉ። መሬቱ ለሁለት ተከፈለና ግማሹ ለእናቴ ተመለሰ። ሊቀ መንበሩን ማንም ምንም አላለው፤ እንዲያውም የመለኪያውን ገመድ ከያዙት አንዱ እሱ ነበር። ከወረዳ የመጣው ኮሚቴ ሰብሳቢ መዝገቡን አጥፎ «እንግዲህ አመስግኚ፤ ተደርጎልሻል» አላት። የገዛ መሬቷ ግማሽ እንደ ችሮታ ተሰጣት! እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

በመንገድ ላይ «እማ፣ ለምን አመሰገንሻቸው?» አልኳት።

«የክረምቱን ዘር የሚያድሉት እነሱ ናቸው፤ ክርክር አይዘራም» አለችኝ።

ቀሪውን ግማሽ የሊቀ መንበሩ የወንድሙ ልጅ ዛሬም ያርሰዋል። ድንበር ላይ ሲገናኙ እናቴ እንዴት ዋልክ ትለዋለች። እኔ አልለውም።