ሽማግሌ ጭና ጎተራ የሄደች መርሰዲስ

የጉዞ ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ላሊበላን ወይም አርባ ምንጭን አይቶ የመጣ ነው። እኔ የምጽፈው ከካዛንቺስ ጎተራ ስላደረግሁት ጉዞ ነው። በታክሲ ቢሆን መስቀል አደባባይ ላይ አንድ ጊዜ ቀይሮ የሚደረስበት መንገድ፣ እኛን ግማሽ ቀን ፈጅቶብናል። ካየኋቸው ሩቅ አገሮች ሁሉ ግን እንደዚያ ቀን ልቤን ያስጨነቀው መንገድ የለም።

የጉዞው ዓላማ ታናሽ ወንድሜን ዳዊትን መዳር ነበር፤ ማለቴ፣ ሚስት እንዲሰጡት መለመን። ዳዊት አስተማሪ ነው። ሰላም የምትባል ነርስ ወዶ፣ እሷም ወዳው፣ ዓመታት ቆይተዋል። ወላጆቿ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖሩት። ሰላም «እናትና አባቴ እምቢ ካሉ አላገባህም፣ ቁርጡን እወቀው» ብላዋለች። ስለዚህ የዚያ ቀን ሽምግልና ከከሸፈ ነገሩ አበቃ ማለት ነው። ዳዊት ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ፤ የአልጋው ሲጥሲጥታ እኔ ክፍል ድረስ ይሰማ ነበር።

ካዛንቺስ

ሽማግሌዎቹን የማደርሰው እኔ ነኝ፣ በአባታችን መርሰዲስ። ከቤታችን ውስጥ መንጃ ፈቃድ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ቢኖራቸውም መኪናዋን ለማንም አልሰጥም።

አባታችን ሹፌር ነበር። ይህችን መኪና አንድ የውጭ አገር ሰዎች መሥሪያ ቤት ውስጥ ለብዙ ዓመት ነዳት። መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ንብረቱን በጨረታ ሲያወጣ ያለ የሌለውን አራግፎ ገዛት፤ እናታችን ያን ሰሞን ሙሉ አኩርፋው ከረመች። ስሟ የሴት ልጅ ስም መሆኑን የነገረኝ እሱ ነው። ድሮ መኪናዎቹን ይሸጥ የነበረ አንድ ነጋዴ በገዛ ልጁ ስም አስጠርቷቸው ነው። የኮከቧ ሦስት ጫፍ ደግሞ የምድር፣ የባሕርና የአየር ነው፤ ጀርመኖቹ በሦስቱም የሚሠራ ሞተር እናወጣለን ብለው ተመኝተው።

አዲስ አበባ ውስጥ ግን ኮከቧ ሌላ ነገር ነው የምትናገረው። በንጉሡ ጊዜ መርሰዲስ የመኳንንት ነበረች። በደርግ ጊዜ የባለሥልጣን ሆነች። ትልልቅ ሆቴሎች ደጅ ላይ ደግሞ ቢጫ ተቀብታ እንግዳ ትጠብቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ እንደ አባቴ ያለ ሰው እጅም ገባች፤ ሰው ሁሉ ግን እስከ ዛሬ የሚያየው መኳንንቱን ነው። እኔ እሷን ይዤ ስወጣ ጎረቤት ሀብታም ያደርገኛል። የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሱማሌ ተራ አንዲት የበር እጄታ ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ ስዞር የምውልበትን ቀን የሚያውቅልኝ የለም። ሞተሯ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ አንድም ቀን መንገድ ላይ አሳፍሮኝ አያውቅም።

ጠዋት አጥቤ ስጨርስ የእድራችን ዳኛ ጋሽ መኮንን መጡ። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ እሳቸው ናቸው። ሱፍ ለብሰዋል፤ ክራባታቸው እንደ ፋሲካ በግ ገመድ ያንቃቸዋል። መኪናዋን ዞሩና ፊቷ ላይ ቆሙ።

«ኮከቧስ?»

«መሳቢያ ውስጥ ናት። መብራት ላይ ስቆም እየነቀሉ አስቸገሩኝ።»

«ያለ ኮከቧ ማን መርሰዲስ ይላታል? አምጪና ትከዪ እንጂ!»

አመጣሁና ተከልኩ። ዳዊት በር ላይ ቆሞ ያየናል። እጁን አነሳልን።

ቂርቆስና ቡልጋሪያ

ሁለተኛው ሽማግሌ የንስሐ አባታችን ቀሲስ ታደሰ ናቸው። ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ተደግፈው አገኘናቸው። ነጭ ጋቢያቸውን ሰብስበው ኋላ ወንበር ላይ ሲቀመጡ «ምቾቷስ!» አሉ። ከጎናችን የቆመ ሚኒባስ ውስጥ ያለ ወያላ አንገቱን አውጥቶ «ሙሽራዋን የት ጣላችኋት?» ብሎ ጮኸ። ጋሽ መኮንን ደስ አላቸው። እኔ መስተዋቱን ዘጋሁ።

ቡልጋሪያ ስንደርስ የኋላ ጎማ ስላላማረኝ አየር ላስሞላ ቆምኩ። ጎሚስታው አባቴን ያውቀው ነበር። አየሩን ሞልቶ ሲጨርስ ኮፈኗን መታ መታ አደረገና «የጀርመን ብረት! አትሸጫትም?» አለኝ። ይህን የማይጠይቀኝ ሰው የለም፤ የትራፊክ ፖሊስ እንኳ መንጃ ፈቃዴን እያየ ጠይቆኛል። አልሸጣትም አልኩት። «አባትሽም እንዲህ ነበር የሚለው» አለና የሰጠሁትን አሥር ብር ኪሱ ከተተ።

ከቡልጋሪያ ጎተራ ቅርብ ነው፤ ሦስተኛው ሽማግሌ ግን ወሎ ሰፈር ስለሆኑ ተመልሰን በቦሌ መንገድ ዞርን። ጋሽ መኮንን በዚህ ቅር አላላቸውም። ቦሌ መንገድ ላይ ሰው ይበዛል፤ መስተዋታቸውን እስከ ታች አወረዱት።

ወሎ ሰፈር

ሐጂ ሰይድ ወሎ ሰፈር ባለው ሱቃቸው ጨርቅ ይሸጣሉ። ከአባቴ ጋር በጎረቤትነት ያረጁ፣ ሰፈራችን ውስጥ የተጣላ ሁሉ የሚፈልጋቸው ሰው ናቸው። ለመንገድ ብለው ቴምር በወረቀት ጠቅልለው ይዘዋል። ጎተራን ሩቅ አድርጌ ያየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም ማለት ነው። ገብተው እንደተቀመጡ ግን ፊታቸው አልፈታ አለ።

«ማርታ ልጄ፣ በዚህች መኪና እስከ ደጃቸው ልታደርሺን ነው?»

«አዎ፣ ሐጂ።»

«ልመና እኮ ነው የምንሄደው። ለልመና የሚሄድ ሰው በእግሩ ነው የሚሄደው። ዋናው መንገድ ላይ አውርጂንና እኛ እንግባ።»

ጋሽ መኮንን ከፊት ዘወር አሉ። «ሐጂ፣ ለእነሱ ክብር ነው እኮ! ሰው ትልቅ ቤት ሲጠራ ያለውን ምርጥ አይለብስም?»

«ልብስ ሌላ፣ ኮከብ ሌላ።»

«አባ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አልኩ ቀሲስን በስፖኪዮ እያየሁ።

«ሁለቱም ልክ ናቸው» አሉና ቴምር አነሱ።

ጋሽ መኮንን አሸነፉ። እኔም፣ ምን እዋሻለሁ፣ በሆዴ ከእሳቸው ጋር ነበርኩ። ወንድሜ ከማንም እንደማያንስ እንዲያዩልኝ ፈልጌ ነበር።

ጎተራ

የጎተራን ማሳለጫ የሠራ ሰው ልቡ ቀና ይሆናል፤ እኔን ግን አደናግሮኛል። ወደ ግራ መጠምዘዝ ሲገባኝ ቸኩዬ በሌላኛው ቅያስ ወጣሁና ወደ መጣንበት መለሰን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ እንደገና ዞረን ስንመጣ ከቀጠሮው ሰዓት አልፎብን ነበር። ጋሽ መኮንን «ትልቅ ሰው ትንሽ ያረፍዳል» ብለው አጽናኑኝ።

ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ስንገባ ልብስ የሚያሰጡ ሴቶች ከየበረንዳው አዘነበሉ። ሕንጻው ሥር አቆምኩ። የሰላም ቤተሰቦች አራተኛ ፎቅ ናቸው፤ ሊፍት የለም። ሽማግሌ ደግሞ የመጣበት ጉዳይ ሳይሰማለት ተቀመጡ ቢሉትም አይቀመጥም፤ ቆሞ ነው የሚለምነው። ያን ሁሉ ደረጃ ወጥተው በዚያ ትንፋሽ ሲቆሙ ታዩኝና አሳዘኑኝ።

እኔ አልወጣሁም። ሴት ከሽማግሌ ጋር አትላክም፤ ያውም የልጁ እህት። መኪናዋ ውስጥ ቀረሁ። አባቴ ዕድሜውን እንዲህ ነበር የጨረሰው። ሌሎች ገብተው ይበላሉ፣ ይነጋገራሉ፣ ይስቃሉ፤ እሱ መሪውን ይዞ ደጅ ይጠብቃል። ልጅ ሆኜ የሾፌርነት ሥራ መንዳት ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሳስበው እንባዬ መጣ።

እንዲያ እያለሁ አንዲት ሴትዮ የዳቦ ፌስታል ይዘው ከሱቅ በኩል መጡ። ሊያልፉኝ ሲሉ ቆሙና መስተዋቱን በጣታቸው አንኳኩ። አወረድኩት።

«ሾፌሯ አንቺ ነሽ? ሴት ልጅ! ጎበዝ። እንኪ ዳቦ ብዪ፣ ገና ትኩስ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ። ይግቡ፣ ብርድ ነው።»

ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ። ወይዘሮ አስካለ ይባላሉ፤ የሰላም እናት ናቸው። እንግዶቹ ገብተው መናገር ሲጀምሩ «ዳቦ ልግዛ» ብለው ነው የወጡት። ዳቦው ግን ሰበብ መሆኑ ወዲያው ገባኝ። ወደ ፎቁ ቀና ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ሽማግሌ ያስጌጣል፤ ሥራው ነው። ሾፌር ግን ቤቱን ያውቃል። እስቲ እውነቱን ንገሪኝ። ይቺ መኪና የልጁ ናት ይላሉ። እውነት ነው?»

ዳቦውን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። ጋሽ መኮንን! ማንም ያላለውን ከየት አመጡት? የለም ብል ሦስት ሽበታም ሰዎች በሰው ቤት ቆመው ውሸታም ይሆናሉ፤ ከውሸታም ቤት ማን ልጁን ይድራል? አዎ ብል ደግሞ ወንድሜ ትዳሩን በሰው መኪና ሊጀምር ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ሲጠራ የምታፍረው ሰላም ናት።

«አይደለም፣ እማማ» አልኩ። «የእኔ ናት። ከአባታችን ነው የወረስኳት። ዳዊት ወንድሜ ነው። እሱ በታክሲ ነው የሚሄደው፣ መንጃ ፈቃድም የለው። ሽማግሌዎቹ ክፋት የላቸውም፤ ጋሽ መኮንን ሲወዱ እንዲህ ያበዛሉ።»

ሴትዮዋ አንገታቸውን ደፉ። አለቀልን ብዬ መሪውን ጨበጥኩ።

«ትልቋን ልጄን» አሉ ቆይተው፣ «እንዲህ ያለ ኮከብ ያለው መኪና መጥቶ ነው የወሰዳት። እልል ብዬ ሰጠሁ። ዛሬ ዓመት በዓል ስሄድ የባሏን ቤተሰቦች መጋረጃ ስታጥብ ነው የማገኛት። ለሰው ቤት ሠራተኛ ድሬ እኔ እናት ተብዬ እቀመጣለሁ። አሁንም ከበረንዳ ሆኜ ስትመጡ ሳይ ያው መኪና ተመልሶ መጣ አልኩ። ባለቤቴም ጋብቻ ከአቻ ነው፣ አንችላቸውም ብሎ ሊመልሳቸው ነው።»

ኮፈኗ ላይ የተከልኳትን ኮከብ አየሁ። ላከብራቸው ያመጣኋት መኪና በር ልትዘጋብን ነበር።

«ታዲያ ልጁ ምን አለው?» አሉኝ።

«የአስተማሪ ደሞዝ አለው። ከእኔ ጋር አባታችን ቤት ነው የሚኖረው። አባታችን ታሞ ሲተኛ እስከ መጨረሻው ገላውን ያጠበው እሱ ነው፤ እኔ አልቻልኩም ነበር። ልብሱንም ራሱ ነው የሚያጥበው።»

«ልብሱን ራሱ ያጥባል?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ። የእኔንም ያጥብልኛል፣ ከለመንኩት።»

ትንሽ ፈገግ አሉ። ስልክ ቁጥሬን ጠየቁኝ፣ መዘገቡ፣ ፌስታላቸውን አንስተው ወጡ። በሩን ሲዘጉ ቀስ አድርገው ነው የዘጉት።

መልስ

ሽማግሌዎቹ ሲወርዱ ጋሽ መኮንን ክራባታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ከተዋል። መኪናዋን አስነስቼ ከግቢው ወጣን።

«ምን አሉ?» አልኩ በመጨረሻ።

«አባትየው ሊመልሱን ነበር» አሉ ሐጂ። «ሴትዮዋ ዳቦ ይዘው ገቡና በጆሯቸው ሹክ አሏቸው። ሰውዬው ወደ መኮንን ዞረው ‹ልጁ መንጃ ፈቃድ አለው?› አሉ።»

«እና ምን መለሱ፣ ጋሽ መኮንን?»

«ምን እመልሳለሁ? በቃ፣ ክራባቴን ፈታሁ።»

«እሳቸው ክራባታቸውን ሲፈቱ እኔ ተናገርኩ» አሉ ቀሲስ። «መኪናዋ የእህቱ ናት፣ ልጁ መምህር ነው፣ ስለ ቃላችን ይቅር በሉን አልኩ። ሰውዬው ሳቁ። ከዚያ ተቀመጡ አሉን።»

«ተቀመጣችሁ?» ጮህኩ፤ ከኋላ ያለው ታክሲ ክላክስ ነፋብኝ።

«ተቀመጥን። ቀጠሮ ሰጡን። እስከዚያ ይመክሩበታል።»

በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል የሴት ልጅ ቤተሰብ የለም፤ ቀጠሮ መስጠት ግማሽ እሺታ ነው። ሐጂን ወሎ ሰፈር፣ ቀሲስን ቂርቆስ አድርሼ ከጋሽ መኮንን ጋር ካዛንቺስ ገባን። ሲወርዱ «ማርታ፣ ለወንድምሽ ብዬ ነው እኮ» አሉኝ። አውቃለሁ አልኳቸው። ልቆጣቸው አስቤ ነበር፤ የደከመ ፊታቸውን ሳይ አልቻልኩም።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን በግልጽ ልናገር። እኔ መኪናዋን ክብር ናት ብዬ ነበር የምይዛት። ለአንዳንዱ ሰው ግን ፍርሃት ናት፤ ደጁ ላይ ስትቆም ልጁን የምትወስድበት ትመስለዋለች። ይህን ከአባቴም፣ ከጋራዥም አልሰማሁትም።

ዳዊትን በር ላይ ነው ያገኘሁት። ሁሉንም ነገርኩት፤ ቀጠሮውን ሲሰማ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ገና ከመኪናዋ ሳልወርድ ስልኬ ጮኸ። ወይዘሮ አስካለ ናቸው።

«በሰላም ገባችሁ፣ ልጄ?»

«ገባን፣ እማማ።»

«ያልሽኝን ሁሉ ባለቤቴም ሰምቷል። አንዲት ነገር ሳልጠይቅሽ ወጣሁና እንቅልፍ እንዳትነሳኝ ብዬ ነው። ልጁ ልብሱን ያጥባል አልሽኝ። ከሠርጉ በኋላስ?»

ይህን የሚመልሰው እሱ ነው። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ሰጠሁት። ዳዊት ቀጥ ብሎ ቆመ፣ እንደ ተማሪ።

«ከሠርጉ በኋላም፣ እማማ» አለ። ድምፁ ተሰበረ። «የእሷንም አጥባለሁ።»

ከወዲያ በኩል ሴትዮዋ አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ።

«እንግዲያው» አሉ፣ «ለቀጠሮው እንዳታረፍዱ።»