ቴፒ ገበያ የወረደው የልብ ወለድ መጨረሻ

ተጓዦቹ ሁለት ነን፤ እኔ፣ ትምህርት ቤት ሳልገባ ማንበብ የተማርኩ የሚዛን ተፈሪ ልብስ ሰፊ፣ እና ልጄ ምንትዋብ፣ የአስረኛ ክፍል ተማሪ። ሾፌራችን ታደለ ይባላል። ቴፒ የምንፈልገው ሰው የቅመም ነጋዴው ጋሽ ከድር ነው። ባለቤቴ አስካለ ቤት ቀርታለች፤ «ለተገነጠለ ወረቀት ቴፒ ድረስ! ሰው ምን ይላል?» ብላ ሸኘችን። ሰው የፈለገውን ይበል።

ንጋት፣ ሚዛን ተፈሪ

እኔ ቤት ከራት በኋላ መጽሐፍ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ምንትዋብ ከንባብ ክበብ የተዋሰችውን አንድ የድሮ የሩሲያ ልብ ወለድ በአማርኛ ትርጉም ታነብልን ነበር። ባለርስቱ ለቁማር መሬቱን አስይዞ ይበደራል፤ ከዚያ ሴት ልጁን ለአበዳሪው ሊድር ይቆርጣል።

«ቁማሩ ነውር ነው፤ አባት ግን አባት ነው። ታገባለች» አልኩ።

«አታገባም!» አለች ምንትዋብ።

ሳንጨርሰው የውሰት ጊዜው አለቀና መለሰችው። ክበቡ ደግሞ መደርደሪያ ለማስለቀቅ አሮጌ ልብ ወለዶቹን ለመጠቅለያ በኪሎ ሸጠ። ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤታችን ቴፒ ካለው ከጋሽ ከድር ሱቅ እርድ ገዝታ መጣች። ምንትዋብ መጠቅለያውን ስትዘረጋው የኛው ባለርስት እዚያ ላይ ቆሞ ይቆጣል። ስለዚህ መጨረሻው ሳይበተን ልንደርስበት ተነሳን። በከረጢቴ ራሴ ጽፌ ያሳተምኩት፣ ወጣቶችን የሚመክር ቀጭን መጽሐፍ ቅጂዎች አሉ፤ ለቴፒ ተማሪዎች እሸጣለሁ ብዬ ነው።

ረፋድ፣ ሸኮ

ሌሊት የዘነበበት ቀይ ጭቃ፣ በዘለላ የተከመረ ሙዝ፣ በየደጁ ሸራ ላይ የተሰጣ ቡና። ታደለ በመስታወቱ አየኝ።

«አባት፣ ልብ ወለድ እኮ ውሸት ነው። ለውሸት ይህን ሁሉ ጭቃ?»

«ልብ ወለዱ ፈጠራ መሆኑን ሽፋኑ ላይ ይነግረኛል። አንተ ‹አሁን እንወጣለን› ብለህ ስንት ሰዓት አስጠበቅከን?»

ተሳፋሪው ሳቀ፤ ታደለም ሳቀ።

ቀትር፣ ቴፒ

ሙቀቱ ሸሚዝ ያጣብቃል። ጋሽ ከድር ከእርድ፣ ከኮረሪማና ከቁንዶ በርበሬ ክምር ኋላ ተቀምጠዋል። መጽሐፉ አጠገባቸው ነው፤ የፊቱ ሙሉ፣ የኋላው ባዶ። መጨረሻው ለገበያተኛ በተደረደሩት ጥቅሎች ላይ አልቋል።

«ጋሽ ከድር፣ ፊቱን ሳይነኩ መጨረሻውን ለምን ገነጠሉት?»

«ቁርአን ቤት መጽሐፍ የሚገለጠው በዚህ በቀኝ በኩል ነው፤ እጄ የለመደው ይህንኑ ነው። አማርኛውን እናገራለሁ እንጂ ማንበቡን አልያዝኩም።»

ጥቅሎቹን እንዲፈቱልኝ ለመንኩ።

«እፈታለሁ። ቅመሜን ታዲያ በመዳፌ ልሽጥ? ወረቀት አምጣ!»

ምንትዋብ ከረጢቴን አየች። «አባባ፣ ያንተ አለ አይደል?»

«የኔ ምክር ነው!»

«እሱን እኛ በቃላችን እናውቀዋለን።»

ጋሽ ከድር እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ከረጢቱን ግን ከፈትኩ። እሳቸው እርዳቸውን በምክሬ ጠቀለሉ፤ ምንትዋብ ቢጫ የሆኑትን ገጾች እያራገፈች በቁጥራቸው ደረደረች። ከቤት ያመጣነው የጎረቤታችን ገጽ ተጨምሮ አንድም አልጎደለም።

መመለሻ

ምንትዋብ መኪናው ውስጥ ጮክ ብላ አነበበች። ታደለ ሙዚቃውን ዘጋ። የባለርስቱ ልጅ አላገባችም። ሻንጣዋን ይዛ ወጣች፤ አባትየው በሩ ላይ ቆሞ ዝም አለ። መጽሐፉ እዚያ ላይ አለቀ።

«አባት፣ ተሸነፉ!» አለ ክርክራችንን ከምንትዋብ የሰማው ታደለ።

«ደራሲው ተሳስቷል» አልኩት። «ልጁ ስትሄድ ዝም የሚል አባት አላውቅም። የማልስማማበት መጨረሻ ግን የእርድ መጠቅለያ አይሆንም! ቤት ደርሼ በመርፌዬ እሰፋዋለሁ፤ የፈለገ ይምጣና ያንብበው።»

ምንትዋብ ገጾቹን በነጠላዋ ጠቅልላ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠች።

ወጪውን አስካለ መጠየቋ አይቀርምና እነሆ፦ ጋሽ ከድር ግማሽ የገበያ ቀናቸውን፣ ታደለ ሙዚቃውን፣ እኔ ምክሬን በሙሉ ከፈልን። የሁለት ሰው ደርሶ መልስ ሰማንያ ብር፣ ምሳ ሠላሳ፣ ለመጽሐፉ ሃያ። በድምሩ መቶ ሠላሳ ብር፤ ነገም ብጠየቅ እከፍላለሁ።