የታጠበው ሞተር

ትናንት ስታዲየም አካባቢ ካለ ጋራዥ መኪናዬን ስረከብ፣ መካኒኩ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ዘረጋልኝና "እህቴ፣ አሮጌው ቺንጋ ነው፤ መቀየሩን እንድታምኚ ብዬ ነው" አለኝ። ፌስታሉን ስከፍተው ያረጀ ጎማና የዘይት ሽታ ወጣ፤ ከሽታው ጋር ካዛንቺስ የነበረው ግቢያችን፣ ኮፋኖዋ የተከፈተ ሰማያዊ መኪናችንና እጁ እስከ ክርኑ የጠቆረ አባቴ ፊቴ ድቅን አሉ።

አባዬ የመሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የመንግሥት መኪና ሲነዳ ሰንብቶ፣ ቅዳሜ የራሱን ሲፈታታ ይውላል። ጋራዥ ማስገባትን እንደ ውርደት ስለሚቆጥረው እማዬ "ያገባኸው እሷን ነው ወይስ እኔን?" እያለች ትተርበው ነበር።

ግቢውን የሚጋሩን እትዬ ዘይነባ፣ ወደ መንገድ በምታየው ክፍላቸው በርበሬና ቅመም የሚሸጡ የቡታጅራ ሰው ናቸው። አንድ ዓመት ቡታጅራ ያሉት እናታቸው ታመው አልጋ ላይ ውለው ነበርና "ይህን አረፋ አብሬያት ካልዋልኩ ሌላ አላገኝ ይሆናል" እያሉ ለእማዬ ሲያለቅሱ አባዬ ሰማ። "እኔ አደርስሻለሁ" አለ። ሞተሩን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ማርጀቱ ትዝ ያለው ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው፤ እሱ መንገድ ላይ ከተበጠሰ ሞተሩም አረፋውም እዚያው ይቀራሉ።

የበዓሉ ዋዜማ ቅዳሜ ነበር። ቺንጋው የሚዞርባቸው ሁለት ጥርሳም መዘውሮች ጥቂት እንኳ ከቦታቸው ከተዛነፉ ሞተሩ ስለሚበላሽ፣ አባዬ ከእማዬ የስፌት ዕቃ ነጭ ጠመኔ ወስዶ ትክክለኛ ቦታቸው ላይ ምልክት አደረገ። ከዚያ አሮጌውን ፈታና ለናሙና ይዞት አዲስ ሊገዛ ወጣ።

እትዬ ዘይነባ ሰው ለእሳቸው ሲደክም እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ አይሆንላቸውም። ለበዓል ምንጣፉም፣ ግድግዳውም፣ ሰሃኑም ይታጠባል፤ ሞተሩስ ለምን ይቅር? በባልዲ ሙቅ ውሃና ሳሙና አምጥተው፣ መዘውሮቹን እያዞሩ በድስት ማጠቢያ ሽቦ እስኪያብረቀርቁ ፈተጓቸው። እኔም ቆሜ አደነቅኩ፤ የጠመኔው ምልክት አብሮ መታጠቡ ትዝ ያለኝ አባዬ በበሩ ሲገባ ነው።

አባዬ አዲሱን ቺንጋ እንደያዘ ሞተሩ ፊት ደርቆ ቀረ። እትዬ ዘይነባ ምርቃት እየጠበቁ ፈገግ ብለው ቆይተው፣ ፊቱን ሲያዩ "ጋሽ ታደሰ፣ አጠፋሁ እንዴ?" አሉት።

"ኧረ ምን አጠፋሽ! ከተገዛች ጀምሮ እንዲህ ንጹህ ሆና አታውቅም" አላቸው።

እሳቸው ልብሳቸውን ሊሸክፉ ሲገቡ ግን ጭንቅላቱን ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አባቴን ግራ ገብቶት ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ተነሣና ጎንበስ ብሎ መዘውሮቹን ሲመረምር፣ ድንገት ብቻውን ሳቀ። ሽቦው የዘመናት ግራሶ ባነሳበት፣ ፋብሪካው ራሱ የቀረጻቸው ትንንሽ ምልክቶች ወጥተው ነበር። "ይኼን ሁሉ ዓመት ስነዳት አላየኋቸውም!" አለ። ምልክቶቹን አገጣጠመ፣ ቺንጋውን አለበሰ፣ ሞተሩን በመፍቻ ሁለት ጊዜ በእጁ አዙሮ ምልክቶቹ ተመልሰው መገናኘታቸውን አየ። ሞተሩ ሲነሳ እትዬ ዘይነባ ከክፍላቸው እልል አሉ። ያጠፉትንም ያተረፉትንም እስከ ዛሬ አያውቁም።

በዚያው ከሰዓት ቡታጅራ ሄድን። የእትዬ ዘይነባ እናት ልጃቸውን በድምጿ ለይተው እጇን እንደያዙ አረፋን ዋሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ አረፋ አላዩም።

አባዬ ካረፈ ቆይቷል። ግቢው ሲፈርስ እኛ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገባን፣ እትዬ ዘይነባ የካ አባዶ ደረሳቸው። አሁን መኪናዬ ሲበላሽ ባልዲ ይዞ ብቅ የሚል ጎረቤት የለኝም፤ እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ለማንም ባልዲ ይዤ ወጥቼ አላውቅም። እትዬ ዘይነባ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከቤት አይወጡም። በየአረፋው ስደውል "መቼ ነው የምትመጪልኝ?" ይሉኛል፤ እኔም ሁልጊዜ "መኪናዬ ደህና አይደለችም እኮ" እላቸዋለሁ።

አሁን ግን ቺንጋው ተቀይሯል። ለሚቀጥለው አረፋ ሰበብ የለኝም።