የቀረችው ሂስ

እትዬ በሰለች እጅ ላይ እንዝርት ጠፍቶ አይቼ አላውቅም። የበግ ፀጉር ፈትለው ባና ለሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ ሠሪዎች ይሸጣሉ፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ተቀምጠው ይፈትላሉ። እሑድ ከሰዓት የሰፈሩ ሰው ድራማ ለማየት እሳቸው ቤት ይሰበሰባል። ቴሌቪዥን ቸግሮን አይደለም፤ ለብቻ የታየ ድራማ ክርክር ስለሌለው ነው።

ድራማው የአንድ ፓርቲ ባልደረቦች ለአንድ ወንበር ሲገፋፉ ያሳያል። ቀን በአንድ ትሪ ይበላሉ፣ ሲመሽ አንዱ ለሌላው ጉድጓድ ይምሳል። እኛም ለሁለት ተከፍለን የደም ሥራችን እስኪገታተር እንከራከራለን። እትዬ በሰለች ግን የግምገማው ክፍል በመጣ ቁጥር ተነስተው ወደ ደጁ ብርድ ይወጣሉ። አንድ እሑድ አላስችል አለኝና ተከትያቸው ወጥቼ ጠየቅኋቸው።

በወጣትነታቸው አንኮበር ውስጥ የአንድ ፓርቲ አባል ነበሩ። ከአልዩ አምባ ለገበያ የሚወጡት የበርበሬ ነጋዴዋ ኩብራ ባልደረባቸውም የልብ ጓደኛቸውም ነበሩ። ለአንድ ኃላፊነት የሁለቱም ስም ተነሳ። ከሹመት በፊት ግን ግምገማ አለ፤ ባልደረባ የባልደረባውን ጥፋት ተነስቶ ይናገራል፣ ሂስ ይሉታል። ሂስ የለኝም ያለ አድርባይ ይባላል። ስለዚህ ጓደኛሞች አስቀድመው ይመካከሩና የማትጎዳ ትንሽ ሂስ ይዘው ይገባሉ። እነሱም ተመካከሩ። እትዬ በሰለች፣ ኩብራ በገበያ ቀን ስብሰባ ታረፍዳለች ሊሉ፤ ኩብራ ደግሞ፣ በሰለች ስብሰባ ላይ ትፈትላለች ሊሉ።

እትዬ በሰለች ቀድመው ተናገሩ። ሰብሳቢው ግን ትንሿን ነገር አገዘፋት፤ የግል ንግዷን ከሕዝብ ሥራ አስበልጣለች አለ፣ ቤቱም ተቀበለው። የኩብራ ተራ ሲደርስ ተነስተው፣ በበሰለች ላይ ሂስ የለኝም ብለው ተቀመጡ። ኩብራ ከአባልነት ተሰናበቱ፣ ሹመቱ ለእትዬ በሰለች ሆነ። አገሩም ጓደኛዋን ገፍትራ የወጣች አላቸው። ሹመቱን ሳይሞቁት ጥለውት ደብረ ብርሃን ገቡ።

“ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር” አሉኝ። “ራርታልኝ ዝም ማለቷ ነው የገደለኝ። ሳልሞት ይቅር ብትለኝ ሌላ አልፈልግም።”

አንጀቴን በሉት። ወይዘሮ ኩብራ ለዓይን ሕክምና ደብረ ብርሃን መምጣታቸውን ከአልዩ አምባ ከሚመላለሰው ነጋዴ ከዓብዱራህማን ስሰማ ማንንም አላማከርኩም፤ ሄጄ ለመንኳቸው። በሚቀጥለው እሑድ አንድ ዓይናቸው ታስሮ መጡ። እትዬ በሰለች ሲያዩዋቸው እንዝርቱን እንደያዙ ከአጠገባቸው ቦታ ለቀቁላቸው። ድራማው ተጀምሯል፤ ይባስ ብሎ ግምገማው ላይ ደርሷል። አንደኛው ባልደረባ ተነስቶ ጓደኛውን ሲከስ፣ ጎረቤታችን ይሁኔ ነገሩን የት ያውቀዋል፣ “ይሁዳ!” አለ። ወይዘሮ ኩብራ ቴሌቪዥኑን እንድናጠፋ ለመኑን። አጠፋነው።

“በሰለች፣ ያኔ ዝም ያልኩት ራርቼልሽ ነው የመሰለሽ?”

እትዬ በሰለች በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ወላሂ፣ ከንዴት ነው። እኔ ከወደቅሁ አንቺም ወንበሩ ላይ እያፈርሽ ተቀመጪ ብዬ ነው። ሰው ሲያማሽ ሰማሁ፤ ተመካክረን ነበር የምትል አንዲት ቃል ግን ከአፌ አልወጣችም።”

ደሜ ፈላ። ይህን ሁሉ ዘመን እትዬ በሰለችን ያቃጠላቸው የጓደኛቸው ቂም ኖሯል፤ ደግነት ነው ብለው ተሸክመውት። አንድ ነገር ልናገር ስል እትዬ በሰለች በእጃቸው ከለከሉኝ። እንባቸው ፊታቸውን አርሶታል፤ አልጠረጉትም።

“እንግዲያው ያን ጊዜ ያስቀረሻትን ሂስ ዛሬ ስጪኝ” አሉ።

ወይዘሮ ኩብራ ባልታሰረው ዓይናቸው እንዝርት የያዘውን የእትዬ በሰለችን እጅ አተኩረው አዩት።

“ስብሰባ ላይ ትፈትያለሽ” አሉ።

እትዬ በሰለች እንዝርቱን ወለሉ ላይ አስቀመጡት።

“ሂሱን ተቀብያለሁ” አሉ።